ብቻዬን ልዋጥ?

እናቴ ጎረቤት ሳትጠራ ቁርስ በልታ አታውቅም። ልጅ ሳለሁ ይህ ደግነት ይመስለኝ ነበር። ካደግኩ በኋላ ልማድ መሆኑ ገባኝ። ባለፈው ዓመት ግን ይህስ በሽታ ነው ብዬ ልጮህ የደረስኩባቸው ጠዋቶች ነበሩ፤ ጮሄያለሁም።

ቤታችን ቀራንዮ ነው፣ ከመድኃኔዓለም ወረድ ብሎ፣ አሮጌ የጭቃ ቤትና ገና ያላለቀ ፎቅ ትከሻ ለትከሻ የሚገፋፉበት ሰፈር። ከጎረቤታችን የሚለየን አንድ ግድግዳ ብቻ ነው፣ እሱም ድምፅ አያስቀርም። እናቴ ዳቦውን ከመቁረሷ በፊት ግድግዳውን በእጇ መታ መታ ታደርጋለች። ወዲያው ጎረቤታችን ነጠላቸውን እያስተካከሉ ብቅ ይላሉ። ከቡራዩ ወዲያ ተወልደው ያደጉ፣ ሲከፋቸው በኦሮምኛ የሚያጉረመርሙ፣ ዕድሜያቸውን ትምህርት ቤት ሲያጸዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ልጆቻቸው በየፊናቸው ስለሄዱ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። እናቴ ጉራጌ ናት፣ ኦርቶዶክስ ናት፤ እሳቸው ፕሮቴስታንት ናቸው። ከዚህ ልዩነት አንዱም ቁርስ ላይ ቀርቦ አያውቅም። ስኳርና ሳሙና በቀበሌ ሱቅ በሚታደልበት ዘመን፣ የእኛ ቤት አፍ ሲበዛ፣ እሳቸው ከራሳቸው ድርሻ ላይ ቀንሰው በሰሃን ሸፍነው ይዘውልን ይገቡ ነበር። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ለእናቴ ተረት አይደለም፣ ልጆቿን ያሳደገችበት ስኳር ነው።

በራችን ላይ ደግሞ ሽንኩርትና ቲማቲም ዘርግታ የምትሸጥ ሴት አለች። ከጎረቤታችን ጋር ጤና ጣቢያ የምትመላለሰው እሷ ናት፤ ሁለቱም የደም ግፊት አለባቸው። እውነቱን ለመናገር፣ በእኛ መንደር ዕድሜው ገፋ ያለ ሆኖ ግፊት የሌለበት ሰው ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው። ሰው ሲገናኝ «እንዴት አደርሽ» ካለ በኋላ የሚያስከትለው «ግፊቱስ?» የሚለውን ነው።

እኔ አስራ ስምንት ማዞሪያ ላይ ሱቅ አለኝ። ሚስማር፣ ማጠፊያ፣ ቀለም፣ ቡሎንና ዳዶ እሸጣለሁ። ሱቁን ያቋቋመው አባቴ ነው፣ የሞተውም እዚያው ነው። ግፊት ነበረበት። ኪኒኑን ሲወስድ ይሻለዋል፣ ሲሻለው ይተወዋል። ደህና ሰው ምን ብሎ መድኃኒት ይውጣል ይል ነበር። አንድ ቀን ለደንበኛ የቆርቆሮ ሚስማር እየመዘነ ሳለ ሚዛኑ ላይ ተደፋ። ስትሮክ ነው አሉን። ሚዛኑን ወዲያው ቀየርኩት፤ ንዴቴ ግን እስከ ዛሬ ያው ነው። ከአባቴ ከወረስኳቸው ነገሮች አንዱ ደግሞ የሱቁ ሕግ ነው፤ ደንበኛን «የለም» ብለሽ አትመልሺ። ከሌለሽ ከጎረቤት ሱቅ አስመጥተሽ ስጪ፣ እዚያም ከጠፋ ነገ ይምጣልህ ብለሽ ነገ አምጪ። «የለም» ሱቅ ይዘጋል ይል ነበር። እኔም ይህን ቃል ከአፌ ሳላወጣ እዚህ ደርሻለሁ፣ ሌላ ሰው ሲለው ስሰማም ደሜ ይፈላል።

ባለፈው ዓመት አንድ ጠዋት እናቴ ሻይ እየቀዳች ሳለ ብርጭቆው ከእጇ ሾልኮ ወደቀ። ልታነሳ ጎንበስ ስትል እጇ አልታዘዝ አላት። ልትናገር ስትል አፏ ወደ አንድ በኩል ተጣመመ። እኔ ሱቅ ነበርኩ። አይተው የጮኹት፣ መንደሩን የሰበሰቡት፣ ታክሲ አስቁመው ሐኪም ቤት ያደረሷት ጎረቤታችን ናቸው። እኔ ስደርስ አፏ ወደ ቦታው ተመልሷል። እንዳየችኝ «ሱቁን ለማን ትተሽ መጣሽ?» ብላ ተቆጣችኝ። ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት።

ዶክተሩ ወጣት ነው፣ ትሁት ነው፤ ነገር ግን በሩ ላይ የተኮለኮለው ሰልፍ አእምሮውን ይዞበታል። ይህ ማስጠንቀቂያ ነው፣ ሁለተኛው ከመጣ ላይመለሱ ይችላሉ አለን። አራት ዓይነት ኪኒን አዘዘላት። ሁለቱ ለግፊት፣ አንዱ ለኮሌስትሮል፣ አንዱ ደም እንዳይረጋ። ሁሉም በየቀኑ፣ ዕድሜ ልክ። እናቴ ራሷን እየነቀነቀች ሰማችው። ለምን አራት እንደሆኑ፣ እያንዳንዱ ሥራው ምን እንደሆነ፣ አንዱ ቢቀር ምን እንደሚመጣ ግን አልነገራትም። የሚቀጥለው ሰው በሩን ከፍቶ አንገቱን አስገብቶ ነበር።

ፍለጋው የተጀመረው ያን ዕለት ነው። አንዱ ፋርማሲ የግፊቱ አለው፣ የኮሌስትሮሉ የለውም። ሌላው የኮሌስትሮሉ አለው፣ የግፊቱ ትናንት አልቋል። አንዱ ጋ ሦስቱ ተገኝተው አራተኛው ከጠፋ ቆይቷል። ከማዞሪያው እስከ አስኮ በየፌርማታው ከታክሲ እየወረድኩ «የለም» ስሰማ ዋልኩ። ከመድኃኒቱ መጥፋት ይልቅ ያቃጠለኝ አባባላቸው ነው፤ ማዘዣውን በደንብ ሳያዩ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ፣ «የለም»። እኔ ቡሎን ሸጬ «ዳዶውን አስኮ ሄደህ ፈልግ» ብለው ደንበኛዬ ቡሎኑን መልሶ ይወረውርልኝ ነበር፣ ይገባኛልም። የእኔ ዕቃ ቢጠፋ የአንድ ሰው በር ሳይገጠም ይቆያል። እነሱ ጋ ሲጠፋ ግን ሰው አፉ ይጣመማል። ይህ ልዩነት ለምን እኔን ብቻ እንደሚያበሳጨኝ አይገባኝም።

ቢሆንም በየወሩ ያንኑ መንገድ እየዞርኩ አራቱንም አሟልቼ መደርደሪያው ላይ አስቀምጥላት ጀመር። ጠዋት ስወጣ «እማዬ፣ ኪኒንሽን» እላለሁ። ማታ ስመለስ ማሸጊያዎቹን አያለሁ፣ ከየዓይነቱ አንድ አንድ ጎድሏል። አባቴ አመለጠኝ፣ እናቴ ግን አታመልጠኝም ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

በቀጠሮዋ ቀን ግፊቷ ሲለካ አልወረደም። ዶክተሩ መለኪያውን ፈትቶ በሌላው ክንዷ አሰረው፣ ያው ነው። መድኃኒቱን በትክክል ይወስዳሉ ወይ ብሎ ጠየቃት። እናቴ ዓይኗን ሳትሰብር በየቀኑ እወስዳለሁ አለችው። እኔም ባዶ ማሸጊያውን በዓይኔ አያለሁ ብዬ ማልኩላት። እሱ ግን ወደ እኔ ዞሮ፣ ኪኒን ሲበዛ ሰው ይሰለቻል፣ አንዱን ይወስዳል አንዱን ይተዋል አለኝ። ከዚያ እንደ ቀላል ነገር አስከትሎ፣ ሌላ አገር እኮ አራቱንም ባንድ ፍሬ አዋህደው ይሰጣሉ፣ ታማሚው በቀን አንዲት ኪኒን ውጦ ይገላገላል አለ።

እንደ ሰማሁ አልተነሣሁም። እንዲህ ያለ ነገር መኖሩ የታወቀው ከመቼ ወዲህ ነው ብዬ ጠየቅኩት። ቆይቷል አለኝ። ታዲያ እኛ ጋ ስለው ትከሻውን ነቀነቀ፣ ሰልፉም በሩን አንኳኳ። እናቴን ይዤ ወጣሁ። አራቱን አንድ ማድረግ ይቻላል፣ ይህንን የሚያውቅ ሰው አለ፣ እየተሠራም ነው፤ እኔ ግን አራቱን ፍለጋ አራት ታክሲ እሳፈራለሁ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እያልን የምንተርት ሕዝብ አራት ኪኒን ማስተባበር እንዴት ያቅተናል?

ንዴቴ ማረፊያ ፈለገና ያገኘው የማይገባውን ሰው ነበር። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ እንዲሉ፣ ቀጥ ብዬ የኮሌስትሮሉን ኪኒን ወደ ገዛሁበት ፋርማሲ ሄድኩና የምትሸጪው ጠመኔ ነው ብዬ ፋርማሲስቷ ላይ ሰው ፊት ጮህኩ። መድኃኒቱ መድኃኒት ቢሆን ኖሮ የእናቴ ግፊት አይወርድም ወይ አልኳት። ልጅቷ ፊቷ ቀልቶ ማሸጊያውን ገልብጣ ጊዜው አለማለፉን አሳየችኝ፣ ይቺኛዋ ደግሞ የግፊት አይደለችም ብላ ልታስረዳኝ ሞከረች። አላስጨረስኳትም። እስከ ዛሬ በፋርማሲው በር ሳልፍ መንገዱን እሻገራለሁ።

ጉዱ የወጣው የሱቅ ቁልፍ ረስቼ ከመንገድ በተመለስኩበት ጠዋት ነው። በሩ ገርበብ ብሏል። ሁለቱ ሴቶች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። መሃላቸው ዳቦ፣ ሻይ፣ እንዲሁም አንዲት የስኒ ማስቀመጫ አለች። ማስቀመጫዋ ላይ የእናቴ አራት ኪኒኖች ተቀምጠዋል። እናቴ በጣቷ እያንሸራተተች፣ ነጯ ትናንት የእኔ ነበረች፣ ዛሬ ያንቺ ትሁን፣ ቢጫዋን እኔ ልውሰዳት ትላለች። ጎረቤታችን ደግሞ አንቺ ነሽ የታመምሽው፣ ቢጫዋም ነጯም ላንቺ ትሁን ብለው መልሰው ይገፋሉ። ትሪ ላይ የቀረች የመጨረሻ ሥጋ እንደሚገፋፉት ሲገፋፉ ቆይተው ሁለት ሁለት ተካፈሉ። በሻይ ዋጡ። «ይማርሽ» «አንቺንም ይማርሽ» ተባባሉ።

የእናቴ ማሸጊያ በቀኑ የሚያልቀው ለዚህ ነው። በኋላ እንደነገሩኝ፣ ረቡዕና ዓርብ እናቴ ስለምትጾም ኪኒኑ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ይሸጋገራል፤ ጎረቤታችንም የእሷ ጾም የማይመለከታቸው ቢሆኑም አፋቸው ላይ ምንም ሳያደርጉ ይጠብቋትና አብረው ይካፈላሉ። የዚያን ጠዋቱን ግን ቆሜ፣ የበሩን እጀታ ይዤ ነው የሰማሁት።

ምን እንደተናገርኩ ሁሉንም አላስታውስም፤ ድምፄን ግን አትክልት ሻጯ በራችን ላይ ሆና ሰምታለች። እናቴ በረጋ ድምፅ ነው የመለሰችልኝ። ጎረቤታችን መድኃኒታቸውን በጤና መድን ከጤና ጣቢያ ነበር የሚወስዱት። ከወራት በፊት አልቋል፣ ሲመጣ ተመለሱ አሏቸው። ሲመላለሱ እግራቸው ደከመና ተዉት። እናቴ ይህን ስትሰማ ብዙ አላሰበችም፤ ሰሃኗን አሰፋች። ደግሞም ለአንድ በሽታ አራት ኪኒን ሲሰጣት ትርፍ እንዳለው ነው የገባት። ሰው ይበቃኛል ማለት አለበት አለችኝ። አራቱም የየራሳቸው ሥራ እንዳላቸው፣ የተወችው ኪኒን ሥራ ሳይሠራ እንደሚያድር፣ ማን ነግሯት ታውቃለች?

«እማዬ፣ ብትወድቂስ?» አልኳት።

«እሷ እያየችኝ ብቻዬን ልዋጥ?» አለችኝ። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ሲባል አልሰማሽም?»

«እናንተ ደግሞ ተካፍላችሁ አብራችሁ ልትሞቱ ነው!»

ጎረቤታችን ያን ጊዜ ተነሡ። ዳቦአቸውን አልጨረሱም። በኦሮምኛ አንድ ነገር አጉረምርመው፣ ነጠላቸውን ሰብስበው ወጡ። ከዚያ በኋላ እናቴ ግድግዳውን ብትመታ መልስ ጠፋ።

ከዚያ የተከተሉትን ጠዋቶች አልወዳቸውም። እናቴ አራቱንም ኪኒን ከፊቴ ቆማ፣ ዓይኔን እያየች፣ በባዶ ሆዷ ትውጣለች። ደስ ይበልሽ ትለኛለች። ዳቦውን አትነካም። እኔም ጤና ጣቢያ ሄጄ የጎረቤታችንን መድኃኒት ጠየቅኩ፤ ጥያቄ ልከናል አሉኝ። ለማን እንደላኩ፣ መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም።

በዚህ መሃል የአጎቴ ልጅ መጣ። ለንግዱ ህንድ የሚመላለስ ሰው ነው። ዶክተሩን አስጽፌ ያቺን የተዋሃደች ኪኒን እንዲያመጣልኝ ለምኜው ነበር፤ አመጣልኝ። ዶክተሩ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን እያንዳንዱን መድኃኒት ከእናቴ ማዘዣ ጋር አስተያየና ልክ ነው፣ ሌላውን ሁሉ አቁመው ይህችን ብቻ ይውሰዱ አለ። አንዲት ክብ፣ ሮዝ ኪኒን ናት። መዳፌ ላይ አድርጌ አየኋት። ከማዞሪያው እስከ አስኮ የተንከራተትኩበት ሁሉ በዚህች ውስጥ ተጠቅልሎ ገብቷል። ደስታዬ ግን ንዴት የተቀላቀለበት ነበር። ይህን ያህል ትንሽ ነገር፣ ይህን ያህል ቀላል ነገር፣ ሻንጣ ውስጥ በልብስ መሃል ተሸሽጎ ነው እኔ ቤት የሚደርሰው? ነጋዴ የአጎት ልጅ የሌለውስ?

እናቴን አስቀምጬ ኪኒኗን አሳየኋት። አንድ ናት፣ አትከፈልም አልኳት፤ ድል እንዳደረገ ሰው ነበር የማወራው። ከዚያ ጎረቤታችን ቤት ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩ። ቁርሱ ያለ እርስዎ አልሆነም አልኳቸው። በማግስቱ ግድግዳው ሲመታ መጡ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ ቤቱም ቤት ሆነ።

በሚቀጥለው ቀጠሮ የእናቴ ግፊት ትንሽ ብቻ ወረደ። ዶክተሩ ማስታወሻውን አገላበጠ፣ ግራ ገባው። እኔም ግራ ገባኝ፤ በዚህ ጊዜ ግን የምጮህበት ፋርማሲ አልነበረኝም።

ከጥቂት ቀን በኋላ ጎረቤታችን ሱቄ መጡ። ያን ሁሉ ዘመን አንድ ቀን ረግጠውት አያውቁም። ደንግጬ እናቴ ደህና ናት ወይ አልኳቸው፣ ደህና ናት አሉኝና የቀለም ቆርቆሮ ላይ ተቀመጡ። ደንበኛ እስኪወጣ ጠበቁ። ከዚያ ከጡታቸው ሥር የታጠፈች ወረቀት አውጥተው ባንኮኒው ላይ ፈቷት። ወረቀቷ ውስጥ ሮዝ ኪኒኖች አሉ፣ ሁሉም ግማሽ ግማሽ። አንዳንዶቹ ጠርዛቸው ተፈርፍሯል።

እናቴ በሽንኩርት ቢላዋ እየቆረጠች ትሰጣቸው ነበር። አትከፈልም ስላት ራሷን ነቅንቃ የሰማችኝ፣ ዶክተሩን በሰማችበት አሰማም ነው። እሳቸው የዋጡ መስለው በመዳፋቸው ይይዙና ቤታቸው ሲገቡ ወረቀት ውስጥ ያስቀምጡታል።

«ለምን አልነገሩኝም?» አልኳቸው።

«እምቢ ብላት ትቀየመኛለች» አሉኝ። «ብውጠው ደግሞ አንቺ ትቀየሚኛለሽ። እነዚህን መልሰሽ ስጪያት፣ እኔ ሰጠሁሽ ግን አትበያት።»

እናቴ ግማሽ ትውጣለች። ጎረቤታችን ምንም አይውጡም። ሌላው ግማሽ ከወረቀት ውስጥ ተቀምጦ ማንንም ሳያድን ይፈረፈራል። አንዷ በፍቅር፣ አንዷ በይሉኝታ፣ ሁለቱም ሞት አፋፍ ላይ ቆመው ዳቦ ይቋረሳሉ። ልቆጣቸው አሰብኩ። ምን ብዬ? ለምን ተዋደዳችሁ ልበል? ሕይወቴን ሙሉ እንዲህ ተናድጄ አላውቅም፣ ንዴቴም ለመጀመሪያ ጊዜ ትክክለኛ አድራሻውን አወቀ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እኛ አልደበቅንም። እኛ ግፊታችንን ከእግዜር ሰላምታ ጋር አያይዘን መንገድ ላይ የምንጠያየቅ ሰዎች ነን። የተደበቀው መድኃኒቱ ነው።

ሱቁን በጠራራ ፀሐይ ዘጋሁ። ጎረቤታችንን በክንዳቸው ይዤ ጤና ጣቢያ ሄድኩ፤ ልጄ ተይው፣ ይቅርብኝ እያሉ ነው የተከተሉኝ። የመድኃኒት መስጫው መስኮት ጋ ስደርስ ወረቀቷን ፈትቼ ከሰውየው ፊት አስቀመጥኩለት። ሁለት ሴቶች መድኃኒት አጥተው እንዲህ እያደረጉ ነው፣ እናንተ ጋ ያለቀው መቼ ነው የሚመጣው አልኩት። ሰውየው መነጽሩን ወደ ላይ ገፋ አድርጎ ግማሾቹን አያቸው። በጥሞና ነው ያያቸው።

«ኪኒን መቁረጥ አይመከርም» አለኝ።

ከኋላዬ ከተሰለፉት አንዱ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ታዲያ ሙሉውን ስጡን አልኩት። የቀድሞዎቹ አልመጡም፣ ይህኛው ደግሞ የመድኃኒት ዝርዝራችን ውስጥ የለም አለኝ። ዝርዝሩን ማን ነው የሚያወጣው ስለው ወደ ላይ በጣቱ አመለከተ፤ አለቆቹን ይሁን ፈጣሪን አልለየሁም። ድምፄን ከፍ ሳደርግ አንዲት ነርስ ወጥታ ጎረቤታችንን ወደ ውስጥ አስገባቻቸው። መለኪያውን አሰረችላቸው፣ ፈታችው፣ ደግማ አሰረችው። ደግማ ማሰሯ ከሰውየው ቃል ሁሉ ይበልጥ አስፈራኝ። ዛሬውኑ ሐኪም ይያቸው አለችኝ።

ያን ዕለት የእናቴ ዶክተር ጎረቤታችንን አየልኝ። እግዜር ይስጠው፣ ሰልፉን አቁሞ ነው ያየልኝ። ለጎረቤታችንም የሚስማማቸው ያው መድኃኒት መሆኑን ከመረመራቸው በኋላ ጻፈላቸው። እኔም እናቴን አምጥቼ ከፊቱ አስቀመጥኳትና በሉ ዛሬ ሳይነግሯት አንወጣም አልኩት። አንድ በአንድ ነገራት። ግማሽ ኪኒን ግማሽ ሰው እንደማያድን፣ ሁለቱም ሙሉ ሙሉ ካልዋጡ ሁለቱም ሳይታከሙ እንደሚቀሩ አስረዳት። እናቴ ሰምታ ስትጨርስ «ይህን መጀመሪያ ብትነግረኝ ኖሮ ልጄ» አለችው። እሱም አንገቱን ደፋ። አልተቆጣሁትም፣ ቁጣዬ አልቆ ሳይሆን ተረኛው ያን ዝርዝር የሚያወጣው ስለነበረ ነው።

የአጎቴ ልጅ በሚቀጥለው ጉዞው የሁለት ሰው አመጣ። በመጀመሪያው ጠዋት ሱቁን አርፍጄ ልከፍት ወስኜ ቁርስ ላይ አብሬያቸው ተቀመጥኩ። የስኒ ማስቀመጫዋ ላይ ሁለት ሙሉ ኪኒኖች ነበሩ። እፎይ አልኩ። እናቴ ግን ቢላዋዋን አነሣች። ሁለቱንም ለሁለት ቆረጠቻቸው። ከራሷ ግማሹን ለጎረቤታችን ሰጠች፣ ከጎረቤታችን ግማሹን ተቀበለች፣ ሁለቱም ዋጡ። ሙሉ መሆኑ ነው ዓላማው ብሎ የለ ዶክተሩ? አለችኝ። ያው ኪኒን፣ ያው ልክ፤ ምን ልበላት? ሳቅኩ። በዓመቱ ውስጥ በዚህ ኪኒን ምክንያት የሳቅኩት ያን ጠዋት ብቻ ነው።

የእናቴ ግፊት ወረደ። የጎረቤታችንም ወረደ። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ ባለኝ፣ ሰው ሁሉ ነጋዴ የአጎት ልጅ ቢኖረው ኖሮ ያበቃ ነበር።

በቀደም ጠዋት ግድግዳው ሲመታ ሰማሁ፣ ጎረቤታችን ገቡ። እናቴ ግን ዳቦውን አልቆረሰችም። ተነሥታ በሩን ከፈተችና ወደ ደጅ ተጣራች። አትክልት ሻጯ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ገባች፤ ፊቷ አብጧል፣ ዓይኗ ቀልቷል። ጤና ጣቢያ ደርሳ መመለሷ ነው። ራሷን እየፈለጣት መሆኑን፣ እዚያም ያው ቃል እንደጠበቃት ለእናቴ አስቀድማ ነግራታለች። እንድትቀመጥ ቦታ ለቀቁላት፣ ሻይ ተቀዳላት። ዓይኖቿ ግን ከስኒ ማስቀመጫዋ አልተነሡም።

ማስቀመጫዋ ላይ ሁለት ኪኒኖች አሉ። ቢላዋው ከጎናቸው ተቀምጧል። አንዲት ኪኒን ለአንድ ሰው መሆኗን እናቴ አሁን ከማንም በላይ ታውቃለች፤ ዶክተሩ ነግሯታል፣ ግፊቷም ነግሯታል። ቢሆንም ሦስት ሴቶች ተቀምጠዋል፣ ዳቦውም አልተቆረሰም። እናቴ ኪኒኖቹን አየች፣ ጎረቤታችንን አየች፣ እንግዳዋን አየች። ከዚያ ቀና ብላ እኔን አየችኝ።

«ልጄ» አለችኝ፣ «ይህን ለሦስት እኩል አድርጎ የሚቆርጥ ነገር ሱቅሽ ውስጥ አይገኝም?»

ምላጭ አለኝ፣ መጋዝ አለኝ፣ የላሜራ መቀስ አለኝ። ሦስቱም ሴቶች መልሴን እየጠበቁ ነበር።

«የለም» አልኳት።